ለሰፈራ የማትመች ፕላኔት

በዚያን ዓመት ሰቆጣ አላስቀምጥ ብላኝ ነበር። ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ግን መናኸሪያ ወርጄ የወልድያው አውቶቡስ ሲነሳ ካላየሁ ቀኑ አይመሽልኝም። ስንት ጊዜ ውድቅ የተደረገው የዝውውር ማመልከቻዬ በመጨረሻ «ተስፋ አለው» ስለተባለ ልቤ ተነስቶ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ከትውልድ ቀያችን ከአበርገሌ የመጣው ያን ሰሞን ነው። እሱ ገበሬ ነው፤ እናታችንን እየጦረ የአባታችንን መሬት ያርሳል። ዝናቡ በተከታታይ ከድቶታል። ቤቴ ገብቶ ውሃ ከጠጣ በኋላ ባዶውን ጣሳ በእጁ እያሽከረከረ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ማታ በሬዲዮ የሰማሁትን ማውራት ጀመርኩ። ከፀሐያችን የምትበልጥ፣ አርጅታ ማበጥ የጀመረች ኮከብ አለች፤ የምትዞራት ፕላኔትም ተገኝታለች፤ ፕላኔቷን ያያት የለም፣ እሷ ስትጎትታት ኮከቧ ወዲያ ወዲህ ስትል አይተው ነው ያወቁት አልኩት።

«ውሃ አላት?» አለኝ።

«የላትም። መሬትም የላት፣ ጋዝ ብቻ ናት።»

«እንግዲያማ ለሰፈራ አትመችም» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

«ኮከቧ እያበጠች ከሄደችስ?»

«ውላ አድራ ትውጣታለች።»

«አትሸሽም?»

«አትችልም። ታስራ ነው የምትዞረው።»

ኩታውን አስተካክሎ መሬት መሬት አየ። ነገር ሲከብደን እንደምናደርገው ወደ አገውኛ ዞረ። «እኔስ እግር አለኝ። ከነልጆቼ ወደ ምዕራብ ለሰፈራ ተመዝግቤያለሁ። እናታችን ግን ከዋግ አልወጣም ብላለች። ካንተ ጋር ትሁን።»

ተናደድኩ። ስንት ዓመት ልሂድ ልሂድ የምለው እኔ ነኝ፤ ከማሳው ርቆ የማያውቀው እሱ ሊሄድ ነው። ብድግ ብዬ በዚያች ጠባብ ክፍል ወዲያ ወዲህ ስል ቆየሁ። ልለው የፈለግሁት ብዙ ነበር። የከሳ ፊቱን ሳይ ግን ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ትምጣ» አልኩት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄጄ የዝውውር ማመልከቻዬን ሰረዝኩ። ጸሐፊዋ ወረቀቱን ከፋይሉ አውጥታ ሰጠችኝ። የዚያን ቀን ማስተማር አቃተኝ።

እናቴ ስትመጣ አልጋዬን ለቀቅሁላት። ጥግ ላይ ካርቶን ውስጥ ገብተው በገመድ የታሰሩትን መጻሕፍቴን አየቻቸው።

«ልትሄድ ነበር እንዴ፣ ልጄ?»

«የት እሄዳለሁ፣ እማየ» አልኳት።

አላመነችኝም መሰለኝ። ጎንበስ ብላ የካርቶኑን ገመድ ፈታችና ነጠላዋን ልትሰቅልበት ግድግዳው ላይ ከምስማር ወደ ምስማር ወጠረችው።