ተራራው የተዘጋ ቀን

ባለፈው እሑድ ልጄ ስልኩን አሳየኝ። የሰፈራችን እድር ግቢው ውስጥ ያለው ሾላ ተቆርጦ የዕቃ ቤት ይሠራበት ወይ ብሎ ጠይቋል። የተስማማ አውራ ጣት ይልካል፤ እኔም በልጄ እጅ ላክሁ። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ነገሩ አለቀ። ያልተስማሙት ባለሱቋ ወይዘሮ ዘይነባ ብቻ ነበሩ። ልጄ «አንድ ሰው ናቸው፣ ምን ያመጣሉ?» ሲል ያደግሁባት አገሬ ደሃና ትዝ አለችኝ።

ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አሥራ አራት ፍየሎች ነበሩኝ፤ ለጥር የተቆረጠው ሠርጌም በእነሱ ላይ የቆመ ነበር። ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ለከብት ይዘጋ የሚል ሐሳብ ሲመጣ እንቅልፍ አጣሁ። ቢዘጋ ፍየሎቼ የት ይውላሉ? ከጓደኛዬ ከሞላ ጋር የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን፣ በዚያ በግንቦት ፀሐይ ሽቅብ ቁልቁል እያልን ተራራው እንዳይዘጋ ሳምንት ሙሉ ሰው ለመንን። ስብሰባው ሳይጀመር ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ሰብሳቢው አያ ፈንታ ግን ደንብ ነበራቸው። የሌላውን ሐሳብ የሚቃወም ሰው አስቀድሞ ያንኑ ሐሳብ በራሱ አፍ ይመልሳል፤ ባለቤቱ «ያልኩት ይኸን ነው» ካላለ የራሱን መናገር አይችልም። ግማሹ ሰው በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ፣ ግማሹ በአማርኛ ስለሚናገር እንዳይሳሳት ተብሎ የተጀመረ ይመስለኛል።

ከታችኛው ጎጥ የመጡት እትዬ ብርነሽ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ተራራው ይዘጋ ብለው ተቀመጡ። እኔ ብድግ አልኩ። ፍየል ስለሌላቸው ነው ይዘጋ የሚሉት ስል ሰው ሳቀ።

«አላልኩም» አሉ።

ምንጫቸው ስለደረቀ ነው አልኩ። እሱን ብቻ አላልኩም ብለው እንደገና ነገሩኝ፤ አሁን ሳልወድ በግድ አዳመጥኳቸው። ሦስተኛ ጊዜ ልክ እንደሳቸው ሆኜ፣ በእሳቸው ቃል መለስኩ።

«የላይኛው ጎጥ ፍየል ተራራውን ላጨው፤ ጎርፉ ግን እኔ ማሳ ላይ ይወርዳል። ካቻምና ገብሴን ወሰደ፣ ዘንድሮ አፈሩን። ለከርሞ የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ያልኩት ይኸን ነው፤ አሁን ያንተን ተናገር» አሉኝ።

ሳምንት ሙሉ ያሰናዳሁትን ንግግር ትቼ «ፍየሎቼስ?» ብቻ አልኩ። እሳቸውም ሣሩን እያጨድክ ውሰድ፣ እኔም አብሬህ አጭዳለሁ አሉ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተናገረ፣ ብዙ ተመለሰ። እጅ አውጡ ሲባል የእኔ እጅ ይዘጋ ከሚሉት ጋር ወጣ። የሞላ እጅ ጉልበቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ፍየል ታስሮ ሣር አይበላም፤ ግማሾቹን ሸጥኩ። ሠርጌ ሁለት ዓመት ዘገየ፣ አማቼም አጉረመረሙ። በሠርጌ ቀን እትዬ ብርነሽ ከተዘጋው ተራራ አበባ የተቆረጠ ነጭ ማር ይዘው መጡ። ሞላ ግን ሠርጌ ላይ አልተገኘም፤ ይኸ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ምናለ የእሱንም ሐሳብ አንድ ቀን በአፌ መልሼለት ቢሆን!

ይኸን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ «የላክህልኝን አውራ ጣት አጥፋልኝ» አልኩት ልጄን።

«አባቴ ተቃወሙ ብዬ ልጻፍ?»

«ምንም አትጻፍ። ወይዘሮ ዘይነባ ለምን አይቆረጥ እንዳሉ ታውቃለህ?»

አላወቀም። እኔም አላውቅም። ብትሬን አንሥቼ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ።