የአገኘሽ የመጨረሻ ፐርም

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ሽፈራው ከሚባለው ከአንድ ትልቅ የሀለኮ ዛፍ አጠገብ የአገኘሽ ኦይታ ፀጉር ቤት አለ። ሁለት ወንበር፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ ጣሪያው ላይ የውሃ ሮቶ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የማናውቃት የፈረንጅ ሴት ፎቶ። ፈረንጇ እንዲህ የምትስቀው ፀጉሯን አገኘሽ ስላልነካችው ነው እያልን እንቀልዳለን። ቀልድ ነው እንጂ በዚህ ከተማ ፐርም የምትችል አገኘሽ ብቻ ናት። ሌሎቹ ይሞክራሉ፤ ደንበኞቻቸው ደግሞ ሻሽ ይገዛሉ።

እኔ ፀዳለ እባላለሁ። አስተማሪ ነኝ፤ በቤተ ክርስቲያናችን ኳየር ደግሞ ቀጭኑን ድምፅ የምይዝ ሶፕራኖ ነኝ። አገኘሽ ወፍራሙን የሴት ድምፅ የምትይዝ አልቶ ናት። ስለ እሷ የምጽፈው ጓደኛዬ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ከተማው ስለ እሷ ከሚያወራው ግማሹ ውሸት ነው፣ ውሸቱም አያስቅም። እውነቱ የተሻለ ያስቃል።

የተወለደችው ጨንቻ፣ ከሸማኔ ቤት ነው። በልጅነቷ ሥራዋ ለአባቷ ለኦይታ ማግ በቀሰም መጠቅለል ነበር። ቀሰም ማለት ክሩ የሚጠቀለልባት ቀጭን የቀርከሃ ቁራጭ ናት። ክሩ ከላላ ጨርቁ ይበላሻል፣ ከጠበቀም ይበጠሳል፤ በሁለቱም አባቷ ይቆጣል። እንዲህ እየተቆጡ ያሳደጓት ልጅ ወደ አርባ ምንጭ ወርዳ ፀጉር ሥራ ስትገባ ጣቷ ሥራውን ቀድሞ ያውቀው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው የፀጉር መጠቅለያ፣ የፕላስቲኩ ቢጎዲን፣ ወፍራም ሆነባትና አባቷን ቀጭን የቀርከሃ ቢጎዲን እንዲቀርጽላት ለመነችው። ኦይታ «የሸማኔ ልጅ በሰው ራስ ላይ ልትሸምን ነው?» ብሎ አኮረፈ። ኩርፊያው ሲበርድለት አንድ ከረጢት ሙሉ ቀርጾ ላከላት።

ፐርም ምን እንደሆነ ለማታውቁ ወንዶች ባጭሩ ላስረዳ። ፀጉር ግትር ነገር ነው። መጀመሪያ ግትርነቱን የሚሰብር መድኃኒት ይቀባል። ከዚያ በየጥቂቱ እየተከፈለ በቢጎዲን ይጠቀለላል። ሰዓቱ ሲደርስ እንደተጠቀለለ በብዙ ውሃ ይታጠባል። በመጨረሻ ማርከሻ ይደረግበትና በያዘው ቅርጽ ይጸናል። መድኃኒቱ ከሰዓቱ ካለፈ ራስ ያቃጥላል። ማርከሻው ከቀረ ደግሞ ቢጎዲኑ ሲፈታ ፀጉሩም አብሮ ይመጣል። ስለዚህ አገኘሽ ማንንም ከመንካቷ በፊት «ይህን ፀጉር እስከ ዛሬ ምን ነክቶታል?» ብላ ትጠይቃለች። ፕሮቴስታንት የንስሐ አባት የለውም ይባላል፤ ሲቀላ ውስጥ ግን አገኘሽ አለችለት። ሴቱ ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ነው የሚናዘዘው። የዋሸች እንደሆነ አገኘሽ አንዲት ዘለላ አርጥባ ትስብና ውሸቱን ከፀጉሩ ታወጣዋለች።

ጣጣው የመጣው ከወንድም በርናባስ ነው። ወንድም በርናባስ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ኑሮው ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ ለከተማው መሸጥ ነው። ክፉ ሰው አይደለም። ችግሩ ማይክ ሲይዝ ሌላ ሰው ይሆናል። በፋሲካ ሰሞን ስለ ሴቶች አጋጌጥ ሲያስተምር ፐርም የሚለውን ቃል አገኘው። «ፐርም ማለት ቋሚ ማለት ነው። ቋሚ ደግሞ እግዚአብሔር ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ። አገኘሽ ከኳየሩ መሐል ሆና «ጋሼ፣ ቢበዛ ስድስት ወር ነው» አለች። ለማረም ብላ ነበር እንጂ ለመቀለድ አልነበረም። ምእመኑ ግን በሳቅ ፈረሰ፤ ወንድም በርናባስም ሳቁን ይቅር ሊለው አልቻለም።

በሚቀጥለው ሳምንት ከአገልግሎት ታገደች። እኛ ዘንድ የታገደ ሰው አይባረርም፤ መጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ሰውም ሰላም ሲለው የታመመ እንደሚጠይቅ ያህል ድምፁን ቀነስ ያደርጋል። ከዚያ ይልቅ ዱላ ይሻላል። የቀረበላት ምርጫ ግልጽ ነበር፤ ፐርሙን ከተወች ወደ ኳየሩ ትመለሳለች፣ ካልተወች እዚያው ትቀመጣለች። ሹሩባ ግን ተፈቀደላት። ሐዋርያው በደብዳቤው የተቆጣው ስለ መሸረብ እንደሆነ፣ ፐርም በእሱ ዘመን እንዳልነበረ ለአንዱ ሽማግሌ ብነግረው «እህት ፀዳለ፣ አንቺም ወንበሩን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

አገኘሽ ወሬውንም ሐሜቱንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ነበር። ያልቻለችው መዝሙሩን ነው። አላገባችም፣ ልጅ የላትም፤ እሑድን እሑድ የሚያደርግላት ያ መድረክ ነበር። አንድ ቀን የእኔን ፀጉር እያበጠረች «ፀዳለ፣ ከኋላ ሆኜ ስሰማችሁ አልቶው ባዶ ነው» አለችና ማበጠሪያውን አስቀምጣ ወጣች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ከቤተ ክርስቲያናችን ዓመታዊ ጉባኤ በፊት ፐርሙን ልትተወው ወሰነች። ተናደድኩ፤ የሚያበላትን ሥራ ለአንድ ሰው ኩራት መስዋዕት ማድረግ ነው ብዬ ጮኽኩባት። እሷ ግን ቅዳሜ የምትሠራው ፐርም የመጨረሻዋ እንደሚሆን፣ ሽማግሌዎችም ያን ቀን ከሰዓት መጥተው ቃሏን እንዲቀበሉ ላከችባቸው።

ወሬው በወጣ በማግስቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? የሲቀላ አማኝ ሴት በሙሉ ፀጉር ቤቱን ወረረችው። ሊዘጋ ነው የተባለ ሱቅ ሁሌም እንዲህ ነው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች፣ የጸሎት ቡድን መሪዎች፣ ፐርም ኃጢአት ነው ስትል የሰነበተች አንዲት ዲያቆን ሳትቀር ተሰለፈች። ወንድም በርናባስ በሕይወቱ ማስታወቂያ ሠርቶ አያውቅም፤ ለአገኘሽ የሠራውን ያህል ግን ማንም አልሠራላትም።

ቅዳሜ ጠዋት ካስክ ውስጥ ነበርኩ። እስከ ዓይኗ የተከናነበች ሴት ገባች። ሻሿን ስታወርድ ወለቴ ናት፤ የወንድም በርናባስ ሚስት።

«እትዬ ወለቴ!» አለች አገኘሽ።

«ዛሬ መጨረሻሽ ነው አሉ» አለች ወለቴ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ከነገ ወዲያ ከየት ላገኝ ነው? በይ ቶሎ በይ፤ እሱ ጫሞ ወርዷል።»

«ባለቤትዎ እኮ ያገዱኝ በዚሁ ነው።»

«ያገደው አንቺን ነው። እኔን ያገደኝ የለም።»

አገኘሽ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ፀጉሩን እስከ ዛሬ ምን ነክቶታል?»

«ቅባትና ጸሎት።»

ዘለላዋን አርጥባ ሳበችው፤ አልተበጠሰም። ወለቴ እውነቷን ነበር። አገኘሽ መድኃኒቱን ቀባችና መጠቅለል ጀመረች። ብዙ ጊዜ እጇ ፈጣን ነው፤ ያን ቀን ግን እያንዳንዷን ቀርከሃ ስታነሳ ትንሽ ታያት ነበር።

የመጨረሻዋን ጠቅልላ ሳትጨርስ ውጭ ፒካፕ ቆመ። ወለቴ የመኪናውን ድምፅ አወቀችው። ፎጣ መንትፋ ከነቢጎዲኑ ፊቷን ሁሉ ሸፈነች። ከሰዓት ይመጣሉ የተባሉት ሽማግሌዎች በጠዋት ከተፍ አሉ፤ ወንድም በርናባስ ከጫሞ በቀጥታ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየሸተተ፣ ከኋላው የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊው አቶ ዘመድኩን።

«እህት አገኘሽ፣ ወሰንሽ?»

«ወስኛለሁ ጋሼ። የመጨረሻዬ ይቺ ናት» ብላ ፎጣውን አሳየችው።

«ተባረኪ!» አለና ደስ ብሎት ተቀመጠ። ደስ ሲለው ደግሞ ያስተምራል። ወደ ፎጣው ዞሮ ስለ ውጫዊ ውበት ከንቱነት ጀመረ። ፎጣው አይተነፍስም። አገኘሽ ሰዓቷን አየች። ወንድም በርናባስ ስለ ሣር አበባ ተናገረ፣ ስለ ኤልዛቤል ተናገረ። አገኘሽ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሰዓቱ ደርሷል፣ ላጥባት» ብላ ተነሳችና ቧንቧውን ከፈተች።

ቧንቧው ሳለ። አየር ተፋ። ዝም አለ።

የሳምንቱ ግርግር ሮቶውን አንጠፍጥፎ ጨርሶታል፤ የከተማው የመስመር ውሃ ደግሞ ከሄደ ሰንብቷል። አርባ ምንጭ ተብሎ በተጠራ ከተማ ውሃ ሲጠፋ መሳቅ ለምዶብናል፤ ያን ጊዜ ግን አገኘሽ ፊቷ አመድ መሰለ። ከፎጣው በታች ያለው እግር መንቀሳቀስ ጀመረ፣ ከዚያ መርገጥ ጀመረ።

ወንድም በርናባስ ምኑንም አላወቀም። «እንግዲህ በጸሎት እንዝጋ» ብሎ ተነሳ። አቶ ዘመድኩንም ተነሳ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ወንድም በርናባስ ሲጸልይ ከዓለም ፍጥረት ነው የሚጀምረው። ገና ኖኅ ጋ ሳይደርስ ፎጣው በረረ።

«አንተ የኖላዊት አባት! ጸሎቱ ይቆይ፣ ውሃ አምጣ! ራሴ ነደደ!»

ከዚያ በኋላ ያለችውን በጋሞኛ ነው ያለችው፤ አስተማሪ ስለሆንኩ አልተረጉመውም። ወንድም በርናባስ ዓይኑን ገለጠ። ሚስቱን፣ ቀርከሃውን፣ እንደገና ሚስቱን አየ። አቶ ዘመድኩን ዓይኑን አልገለጠም፤ ብልህ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ መኪናው ላይ ውሃ የለም?» ብላ ጮኸች አገኘሽ።

ነበረ። ዓሣ የሚያጥብበት የጫሞ ውሃ፣ ገና ያልተነካ፣ በጀሪካን ተደርድሮ ነበረ። ሰውየው ያኔ ስለ ሽማግሌነቱ ሊያስብ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ሮጠ። በዚህ አከብረዋለሁ። ጀሪካን በሁለት እጁ ተሸክሞ ገባ፣ ኮቱን እንደለበሰ ማፍሰስ ጀመረ። «ከግንባሯ ወደ ኋላ ጋሼ፤ ዓይኗ እንዳይገባ። ቀስ... አዎ፣ እንደሱ» እያለች አገኘሽ ታዘዋለች፣ እሱም እሺ እሺ ይላል። አንዱ ሲያልቅ ሌላ ያመጣል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ራሰ፤ የዓሣ ቅርፊት ከየት እንደመጣ እንጃ የወለቴ ጆሮ ላይ ተለጠፈ።

መድኃኒቱ ታጥቦ ወጣ፣ ቃጠሎው በረደ። አገኘሽ የማርከሻውን ጠርሙስ አነሳችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

እኔ ከካስኩ ወጥቼ ክንዷን ቆነጠጥኳት። «ወደ ኳየሩ እንዲመልስሽ ጠይቂው! አሁን ነው!» አልኳት በሹክሹክታ።

«በሰው ራስ አልደራደርም» አለችኝ። ወደ ወንድም በርናባስ ዞረች። «ጋሼ፣ አቁሚ ብለውኝ እሺ ብያለሁ። ይቺን ልጨርስ ያልኩት የማን ሚስት እንደሆነች ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ ነው። አሁን ግን እርስዎም አወቁ። ማርከሻው ካልገባ ፀጉሯ እጄ ላይ ይቀራል። ከገባ ፐርም ይሆናል። ላቁም ወይስ ልጨርስ?»

ውጭ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ። ወለቴ በመስታወቱ ውስጥ ባሏን ታየዋለች።

«ጨርሺ» አለ ወንድም በርናባስ ወደ መሬት እያየ።

«አልሰማሁም ጋሼ።» ሰምታለች። እኔም ሰምቻለሁ፣ አቶ ዘመድኩንም በጨፈነበት ሰምቷል።

«ጨርሺ አልኩሽ! አሳምረሽ ጨርሺ!»

አሳምራ ጨረሰች። ቀርከሃዎቹ አንድ በአንድ ሲፈቱ ፀጉሩ ተጠቅልሎ እየወረደ ትከሻዋ ላይ ዐረፈ። በቀረው ጀሪካን ታጠበ፣ ደረቀ። ወለቴ እንዲህ ቆንጆ መሆኗን አላውቅም ነበር፤ ከአስተያየቱ ባሏም ረስቶት ነበር። ሲያያት ቆየ። አቶ ዘመድኩን በመጨረሻ ዓይኑን ገልጦ «ውሳኔውን ምን ብለን እንያዘው?» ሲል ወንድም በርናባስ «ዓሣው እየሞቀ ነው» ብሎ ወጥቶ ሄደ።

እሑድ የጉባኤው ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማንም ምንም አላላትም፤ አገኘሽ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቃሏን ሰጥታለች፣ ፐርሙን ትታለች፣ እንዲያም ሆኖ የጠራት የለም። ወንድም በርናባስ ፊት ረድፍ ላይ መጽሐፍ ቅዱሱን አቅፎ አጎንብሷል። ከመድረኩ ሆኜ ሳየው ጠላሁት፤ በእግዚአብሔር ቤት ነው የጠላሁት፣ ይመዝገብልኝ።

ኳየራችን ሊጀምር ሲል ወለቴ ከፊት ተነሳች። ሻሿን ፈታችና ወንበሯ ላይ ጣለችው። ፐርሙ ለአዳራሹ ሁሉ ታየ። በመሐል መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዳ የአገኘሽን እጅ ያዘች፣ አስነሳቻት፣ ይዛት ወደ ፊት መጣች። መድረኩ ሥር ስትደርስ ወደ ሰዉ ዞረች።

«ይህን ፀጉር የሠራችው እሷ ናት» አለች። «የተሠራሁት እኔ ነኝ። ያጠበው ደግሞ ባሌ ነው። የምታግዱ ከሆነ ሦስታችንንም አግዱን።»

ወንድም በርናባስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎን ነበር፤ እየሳቀ ነው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፣ የዚያች ለፐርም የተሰለፈች ዲያቆን ድምፅ ከሁሉም በልጦ። ሳቁ ሲበርድ ሰውየው ተነሳ፣ ማይክ አልያዘም። «ልጄ፣ ሥራሽንም አትተይ» አላትና መንገዱን ለቀቀላት።

ወጣች። መድረኩ ላይ አልቶዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ሰጧት። መዝሙሩ ተጀመረ፤ አገኘሽ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም፣ እንባዋ ብቻ ወረደ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል ሳትዘምር መዝሙሩ አለቀ። እኛ በተራ ወረድን፤ እሷ አልወረደችም። ሌላው ኳየር ወጥቶ ከፊቷ ሲሰለፍም እዚያው ቆማ ነበር፤ ውረጂ ያላት ማንም የለም።