ጠዋት መቶ ሰማንያ፣ ቀትር ላይ መቶ

የሰፈሩ ሰው «ምላጩ» ይለው ነበር። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ሳይሆን ስለ አፉ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠን ሁሉ ሳይተርብ አይለቅም። ሁለት ወንበርና ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቷል። ስኳር አለብህ ከተባለ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ለሱም ቀልድ አላጣለትም። «ድሮም ጣፋጭ ሰው ነኝ፤ አሁን በላቦራቶሪ ተረጋገጠ» ይል ነበር።

ደም ግፊት ሲጨመርበት፣ የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው ባለቤቱ ክንድ ላይ የሚጠመጠም መለኪያ ገዛችለት። ጠዋት ሲለካ መቶ ሰማንያ። ቀትር ላይ ደንበኛ ለመቀበል ብድግ ካለ በኋላ ሲለካ መቶ። ማታ ደግሞ መቶ ስድሳ።

«ይሄ ዕቃ ይቀባጥራል» ብሎ ወደተገዛበት ሱቅ ወሰደው። ባለሱቁ የራሱን ክንድ አስገብቶ ሦስት ጊዜ ለካ፤ ሦስቴም ቁጥሩ ያው ነው።

«ዕቃውስ ደህና ነው ጋሼ» አለው እንደማፈር ብሎ።

«የተበላሸሁት እኔ ነኝ በለኛ!» አለና እየሳቀ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በገዛ ዘዴው መኖር ጀመረ። ቁጥሩ ሲወጣ ኪኒኑን ይውጣል፤ ሲወርድ ይተወዋል። ባለቤቱ ስትቆጣ «ደህና ሲሆን ምን ብዬ ነው የምውጥለት?» ይላታል። እንዲህ ሲል ሁለት ዓመት አለፈ።

አንድ ረፋድ ላይ የወደቀች ማበጠሪያ ጎንበስ ብሎ አንስቶ ቀና ሲል ዓይኑ ላይ ጭልም አለበት። የዱሮ ደንበኛው፣ ጡረተኛው ፖስተኛ፣ አንገቱን ሰጥቶ ዓይኑን ጨፍኗል። የያዘው ምላጭ ፖስተኛውን ከጆሮው ሥር ጫር አደረገው። ብዙም አልደማ። ፖስተኛው «ምንም አይደል ወንድሜ» አለ፤ በሚቀጥለው ወር ግን አልመጣም። ወሬውን የሰሙ ሌሎችም ቀሩ።

ባለቤቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ወጣቷ ሐኪም ባለቤቱ በየቀኑ የጻፈችለትን ቁጥር አየች፤ የደሙንና የሽንቱን ውጤት አየች፤ መነጽሯን አወለቀች።

«አባቴ፣ ስኳሩ ግፊትዎን የሚያረጋጉትን ነርቮች ጎድቷቸዋል። ሲነሱ የሚወርድብዎ ለዚህ ነው። ኪኒኑን አንዴ ሲውጡ አንዴ ሲተዉ ደግሞ ባሰበት። የሚጎዳው ከፍ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ወጣ ወረድ ማለቱም የደም ሥርን ይበላል። ዓይንን፣ ልብን፣ ኩላሊትን።»

«የኔን የትኛውን በላው?»

«ኩላሊትዎን። ዓይንዎንም ጀማምሮታል።»

«ካሁን በኋላ ሳላጓድል ብውጥስ ዶክተር?»

«ይውጡ። የቀረውን ትንሽ ያቆየዋል።»

የተጎዳው ይመለሳል የሚል ቃል ጠበቀ። አልመጣም።

ሳያጓድል ዋጠ። ጨው ተወ። ጠዋት ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱ እስኪረጋ እየጠበቀ ይነሳል። በዓመት ከአራት ወሩ ግን እግሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረ። ክፍሏን ለሌላ አስተካካይ ለቀቀና የኩላሊት እጥበት ገባ።

አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት፣ ማሽኑ አጠገብ ይተኛል። ደሙ ሲታጠብ ግፊቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ነርሷ ሮጣ አልጋውን በእግሩ በኩል ከፍ ታደርግለታለች። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሽቅብ ይወጣል። መድኃኒቱ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። በግራ ዓይኑ የሚያየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ባለቤቱ ፈቃድ እየለመነች አጠገቡ ትቀመጣለች፤ አለቃዋም መሰላቸት ጀምረዋል።

ባለፈው ማክሰኞ አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ አዲስ ታካሚ ገባች፤ ጎልማሳ ሴት ናት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። እሷም ስኳርና ግፊት አለባት።

«ወንድሜ» አለችው፣ «ስንት ጊዜ ቢታጠቡ ነው የሚድኑት?»

ባለቤቱ መልስ ልትሰጥ ስትል ክንዷን ያዝ አደረገ።

«ቀስ እያሉ ይለምዱታል እህቴ» አላት። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።