አስታራቂው ባሌ

ባሌ ጥሎኝ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። እዚሁ ከተማ፣ ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ሰፈር ከሌላ ሴት ጋር ይኖራል፤ ፍቺ ሲሉት ግን አይሰማም። ለምን ቢሉ፣ እዚህ ባዕድ አገር በእኛ ሰዎች መሃል ባልና ሚስት በተጣሉ ቁጥር ለሽምግልና የሚጠራው እሱ ነው። ሚስቱን የፈታን ሰው ደግሞ ማን አስታርቀኝ ይለዋል? «ባለቤቴ ሥራ ገብታ ነው» እያለ በየሰው ቤት በላ፣ ጠጣ፣ መከረ። እኔ ከከተማው ሌላ ዳር፣ ሬክስዴል ብቻዬን ተጎልቼ፣ እሱ በእኔ ስም ይከበር! እርር ድብን እል ነበር።

ጠበቃ ያዝኩ። የፍቺ ማመልከቻው ፍርድ ቤት ገባ፤ የቀረው ለእሱ በእጁ መስጠት ብቻ ነበር። ሕጉ ደግሞ ራስሽ አትሰጪውም፣ ሌላ ሰው ይስጥልሽ ይላል። የላክሁት ሰው ሁሉ በር ደብድቦ ተመለሰ። መኪናው ውጭ ቆሟል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ጌታው ግን የሉም!

በዚህ መሃል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከባሏ ተጋጨች።

«እሁድ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አንዱ ያ ጉድ የምትዪው ባልሽ ነው» አለችኝ እየሳቀች። «ወረቀቱን አምጪው፣ እኔ እሰጥልሻለሁ።»

እግሯን ብስማት ደስ ባለኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የባልደረባዬ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ በተገረበበው በር ባሌን እያየሁ ሰማሁት።

«እህቴ፣ ቤት የሚቆመው በትዕግሥት ነው። የእኔን ባለቤት ብታዪ . . .» ይላል።

ወይ ዓይን አውጣ! ጓደኛዬ ብድግ ብላ ፖስታውን እጁ ላይ አኖረችለት። ከፍቶ ሲያየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምንድን ነው?» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«የ . . . የሥራ ጉዳይ ነው፣ አባባ።»

ከኩሽና ወጣሁ። «የፍቺ ወረቀት ነው፣ አባባ። ሚስቱ ነኝ። ጥሎኝ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ከጀመረ ሁለት ዓመት አለፈው።»

አባባ «ተነስ» አሉት። ከጎናቸው አስነስተው፣ ፊት ለፊታቸው ከተጣሉት ባልና ሚስት አጠገብ አስቀመጡት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«ነይ ልጄ፣ አንቺም ተቀመጪ፤ ነገራችሁን እንስማ» አሉኝ።

«እኔ ዳኛ ይዣለሁ፣ አባባ። እሱን ግን ይምከሩልኝ።»

«እባክሽ ተቀመጪ» አለኝ ባሌ።

እስኪበቃኝ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ኮቴን ለብሼ ወጣሁ።