የእትዬ አበጀች የጓሮ መደብ

እትዬ አበጀችን አንድ ተራ ቀን ሦስት ጀሪካን የቦኖ ውሃ፣ ወገብ የሚያጎብጥ ዳገትና ጣት ሙሉ ቫዝሊን ያስወጣቸዋል። ውሃውና ዳገቱ ለጓሯቸው ትንሽ መደብ ነው። ቫዝሊኑ ለእጃቸው ነው፤ ከወንዙ በወጡ ቁጥር ቆዳቸው ይላጣል። ወንዙ ራሱ ግን በነጻ ነው። ከድልድዩ በታች ያለውን ሰፊውን የቆስጣ ማሳቸውን የሚያጠጡት በእሱ ነው።

ደንበኛቸው የሆንኩት ከዳገቱ በላይ ያለው ኮንዶሚኒየም ከገባን ጀምሮ ነው። ጠዋት ጠዋት ስወርድ አትክልተኞቹ ሥራ ሳይጀምሩ ወንዙን እያዩ ሲቀላለዱ እደርሳለሁ።

«አበጀች! ዛሬስ ምን ለብሶ መጣ?» ይላሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ደምመላሽ ከማዶ።

«ሰማያዊ! ሠርግ ተጠርቶ ነው መሰለኝ።»

«እንግዲያው አንቺንም ይዞሽ ይሂድ!»

ወንዙ ሰማያዊ የሚሆነው ከላይ ያለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ ውሃውን ሲለቅ ነው። ቀይ የሚሆንበትም ቀን አለ። እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር። ቆስጣው ክንድ ያህላል፤ ወንዙ ውስጥ ነከር አድርገው ሲያወጡት ያብረቀርቃል። ገዢ የሚወደው እንደዚያ ሲሆን ነው፣ እኔም ጭምር።

መጋቢት ላይ ልጄ ማራኪ ስድስት ወር ሞላት። ጤና ጣቢያ «ቅጠላ ቅጠል ቀቅለሽ፣ አድቅቀሽ ስጫት» አሉኝ። ደስ ብሎኝ አዝያት ወረድኩ። የዚያን ቀን ወንዙ ጥቁር ነበር። ማንም አልቀለደም። ዳር ዳሩን የያዘው አረፋ ብቻ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ይፈነዳል።

«አንድ እስር ይስጡኝ እትዬ፤ ለማራኪ ነው። ምግብ ጀመረች እኮ!»

እትዬ አበጀች ፌስታሌ ውስጥ የከተቱትን እስር መልሰው አወጡት።

«ምነው? ከፍያለሁ እኮ!»

«ቆይኝ። እንዳትሄጂ።»

ጓሮ ደርሰው ሲመለሱ የያዙት ቆስጣ ትንሽ፣ ቀጭን፣ አፈር የነካው ነበር።

«ይሄን ስጫት። የቦኖ ውሃ የጠጣ ነው። እኛ ቤት የምንበላው ይሄን ነው።»

የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው።

«እኛስ? እስከ ዛሬ የበላነው?»

ዞር ብለው ወንዙን አዩ።

ማራኪን ያረገዝኳት እዚሁ ሰፈር ነው። ዘጠኙንም ወር ቆስጣ ሲያምረኝ ነበር።

በማግስቱ ተቆጥቼ ሄድኩ። እሳቸውም ተቆጡ።

«የቦኖውን ገበያ ያላወጣሁት መሰለሽ? ሴቶቹ አገላብጠው አገላብጠው ‹ይሄማ የታመመ ነው› ብለው ያንን የሚያብረቀርቀውን አነሱ። ታዲያ ለማን ብዬ ነው ዳገት የምወጣው?»

«ለእኛ ይውጡ» አልኳቸው። «ደግሞ ብቻዎን አይደለም።»

የሕንጻችንን እናቶች ሰበሰብኩ። ተራ ገብተን ጀሪካን እናወርዳለን፣ እሳቸው መደቡን ያሰፋሉ፣ ልጆቻችን ከዚያ ይበላሉ። አሁን ጓሮው ሙሉ አረንጓዴ ሆኗል። ግን ሰኔ ገባ። ወንዙ አምና እስከ አጥራቸው ወጥቶ ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ከላይ ሕንጻ የሚያሠሩት አፈራቸውን ወንዙ ውስጥ እየደፉት መሄጃው ጠቧል። ትላንት ጠዋት አጥሩ ሥር ባለው መደብ ላይ ሰማያዊ ውሃ ተኝቶ አገኘን። መደቡን ነቅለን ጣልነው። ለቀሩት ቦይ ቆፍረናል፣ ጆንያ ደርድረናል። ሰማዩ ግን ገና ዝናቡን አልጨረሰም። ጋሽ ደምመላሽ እንኳ ምን ለብሶ መጣ አላሉም።

ስለ እሳቸው ልጽፍ ነው ስላቸው «ስሜን ጻፊው፤ ፎቶዬን ግን ተይው፣ እጄ ያስጠላል» አሉኝ። ከዚያ ለአንባቢ ይህን እንዳደርስ አዘዙኝ፦

«ቆስጣ ስትገዙ፣ ከእኔም ይሁን ከሌላ፣ ‹ምን ውሃ ነው የጠጣው?› በሉን። ይሄን ሁሉ ዓመት ስሸጥ አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።»