ካሜራውን የሚቀሰቅሱት ሰዎች

ካኦ ዩቸን ወደ ደንበኛው ፋብሪካ የተላከችው ለሁለት ቀን ተብላ ነበር። ቅያሪ ልብስ የያዘችውም ለሁለት ቀን ነው። ሦስተኛው ሳምንት ሲገባ ካልሲዋን በእንግዳ ማረፊያው መታጠቢያ እያጠበች በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ ለምዳለች።

በፋብሪካ ከተማዋ በሽንቹ ሥራው እንዲህ ነው። የሸጡት ዕቃ ደንበኛው ቤት ሲታመም ሐኪሙም አብሮ ይተኛል። በሽተኛው ሳይድን ሐኪሙ አይወጣም። ካኦ የካሜራ ድራይቨር ትጽፋለች፤ ካሜራውን የማሽኑ ዋና ፕሮግራም ከሆነው ከርነል ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም ማለት ነው። ታማሚው ደግሞ አንድ ታብሌት ነበር። በፋብሪካው አሮጌ የመፈተኛ መስመር ሲፈተን ደህና ነው። በአዲሱ መስመር ሲፈተን አልፎ አልፎ ካሜራው ይጨልምና ታብሌቱ ድርቅ ብሎ ይቀራል። ታብሌቱ ያው፣ ካሜራው ያው፣ ፕሮግራሙም ያው።

የመፈተኛው ክፍል መስኮት የለውም። በር ላይ የስልኳን ካሜራ በቀይ ተለጣፊ ይሸፍኑታል። ለመውጣት የክፍሉ ኃላፊ ፐንግ መፍቀድ አለበት፤ ፐንግ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ካኦ የሥራ መልቀቂያዋን ካስገባች ቆይታለች። ታይናን ከተማ ውስጥ ለኦርኪድ አበባ ማብቀያ ቤቶች ካሜራ የሚሠራ ትንሽ ድርጅት ሰኞ እንድትጀምር ቀጥሯታል። አለቃዋ ቹዋንግ ግን "መጀመሪያ የፐንግ ጉዳይ ይዘጋ፣ ከዚያ እፈርማለሁ" ብሏል። ሕጉ ጥላ እንድትሄድ ይፈቅድላታል። ሕጉ የማያውቀው የታይናኑ ባለቤትና ፐንግ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ መኝታ ክፍል የነበሩ መሆናቸውን ነው።

ሐሙስ ጠዋት አዲሱ መስመር ሰው ስላነሰው ቲንግዪ የምትባል ፈታኝ ከአሮጌው መስመር ተዛውራ መጣች። ካኦ ከጎኗ ተቀመጠች። ቲንግዪ ታብሌቱን አነሳች፣ ካሜራውን ከፈተች፣ ፊቷን አየች፣ ዘጋችው። ፈተናውን የጀመረችው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውንም።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ካኦ።

"እየቀሰቀስኩት።"

"ማን ቀስቅሺው አለሽ?"

"ማንም። ሁሉም ሰው ይቀሰቅሳል። አንቺ ሳትነቂ ሥራ ትጀምሪያለሽ እንዴ፣ እህት ካኦ? ዓይንሽን ሳይ ግን ሳትጀምሪም አትቀሪ።"

"እዚህ ያሉትስ ይቀሰቅሳሉ?"

ቲንግዪ አጠገቧ ወዳሉት ልጆች አገጯን ቀሰረች። "እነዚህ? ከታይቹንግ ከተማ የመጡ ናቸው፤ ምን ያውቃሉ! መመሪያው ላይ የተጻፈውን ብቻ ነው የሚሠሩት።"

"መመሪያ የሚጻፈው እኮ እንዲሠራበት ነው" አለ አንደኛው ሳይዞር።

"ለዚያ ነዋ የአንተ ታብሌት ሁሉ የሚሞተው።"

ካኦ ተነስታ ወደ ኮምፒውተሯ ሄደች። አሁን የት መፈለግ እንዳለባት ታውቃለች።

ነገሩ ይህ ነው። አንድ ፕሮግራም ካሜራውን ከመክፈቱ በፊት "ይህን ያህል ስፋት ያለው ምስል ልትሰጠኝ ትችላለህ?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ድራይቨሩ ለዚህ ጥያቄ እውነተኛውን ካሜራ አይነካም። ጊዜያዊ ረቂቅ ያዘጋጅና እዚያ ላይ ሞክሮ ይመልሳል። ረቂቁ ግን አስቀድሞ የካሜራው መነሻ ቁጥሮች ሊሞሉበት ይገባል። እዚህ ድራይቨር ውስጥ ግን ቦታ ከማኅደረ ትውስታ ይወሰድና ሳይጸዳ እንዳለ ለሥራ ይሰጣል። የወጣው ተከራይ ያልጠረገውን ቤት ለአዲሱ እንደ ማከራየት ነው። ካሜራው ቀድሞ ተከፍቶ ከነበረ አብዛኛውን ጊዜ የቀረው ቆሻሻ የራሱ የካሜራው ቁጥር ይሆናል፤ መልሱም ትክክል ይመስላል። ካልተከፈተ ምን እንደሚገኝ የሚያውቅ የለም።

ለዓመታት ይህን ጉድ የሸፈነው የአሮጌው መስመር ልማድ ነበር።

ስህተት ያለበትን የድራይቨሩን ኮድ የጻፈው ፋን ነው፤ ከብዙ ዓመት በፊት የለቀቀ ሰው። በካኦ መሥሪያ ቤት የሚገኝ ስህተት ሁሉ ፋን የጻፈው ነው፤ ከለቀቀ በኋላ የተጻፈውም ጭምር። የሄደ ሰው ጀርባው ሰፊ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ጀርባው የማን እንደሚሆን ካኦ አልጠፋትም።

ፐንግ ሲሰማ ወንበሩ ላይ ተለጠጠና ሳቀ። "ይኸው ነው? እንግዲያው አለቀ! መመሪያው ላይ 'መጀመሪያ ካሜራውን ክፈት' ብለን እንጨምር። ጊዜያዊ መፍትሔ ብለሽ ፈርሚልኝ። ታብሌቶቹን የጫኑት መኪኖች ነገ ይወጣሉ።"

"የገዛው ሰው ቤቱ ሲወስደው የሚቀሰቅስለት ማን ነው?"

"እህት ካኦ፣ የገዛው ሰው ሲደርስ እናስብበታለን።"

"ጊዜያዊ መፍትሔ የፈረመ ሰው ቋሚው እስኪመጣ እዚሁ ይቆያል። የእርስዎ ደንብ ነው፣ አለቃ ፐንግ።"

"ደንቡ ለማያውቁት ሰው ነው። አንቺ እኮ ቤተሰብ ነሽ።"

ቤተሰብ የሚለውን ቃል ስትሰማ ካኦ ተነሳች። ኮሪደር ወጥታ ለቹዋንግ ደወለች።

"ፈርሚና ነይ" አለ ቹዋንግ።

"ከፈረምኩ አልመጣም። በየሳምንቱ ትመልሰኛለህ።"

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?"

"ማስተካከያው ትንሽ ነው። ከርነሉ ራሱ ረቂቅ የሚያዘጋጅበት መንገድ አለው፤ ቦታ ይወስዳል፣ ቁልፉን ያበጃል፣ መነሻ ቁጥሮቹን ይሞላል፣ ሲያልቅ ይመልሳል። ፋን በእጁ የጎነጎነውን አውጥቼ እሱን አገባለሁ። ግን እንደ አዲስ መፈተን አለበት።"

"እስከ መቼ?"

"እስከ ሰኞ።"

"አብደሻል! የሰውየውን መኪና ልታቆሚ ነው? በፋን ቆሻሻ?"

"ስሄድ የእኔ ቆሻሻ ትሉታላችሁ።"

ቹዋንግ "እሱስ እውነት ነው" አለ፤ ሳቀም።

ካኦ አልፈረመችም። ከሰዓት በኋላ ማስተካከያውን ለፐንግ ሰጠች። ታብሌቶቹ ሳይቀሰቀሱ ተፈተኑ፤ እስከ ማምሻው አንድም አልደረቀም። ፐንግ ይህን ካየ በኋላ ችግሩን አላውቅም ሊል አልቻለም። መኪኖቹን አስቆመ። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቶ ነበር።

"ያንቺ ማስተካከያ ነው፤ ያንቺ ኃላፊነት ነው" አለ። "ሙሉው ፈተና እስኪያልቅ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ቅዳሜም፣ እሑድም።"

ቅዳሜና እሑድ ማሽኖቹ ብቻቸውን ተፈተኑ። ካኦ የምታደርገው አልነበራትም። የቀዘቀዘ የምሳ ሳጥኗን ከፈተች፣ ሩዙን ጨረሰች፣ የአሳማ ሥጋውን ተወች። ውጭ የሽንቹ ነፋስ ሕንጻውን ሲመታ በግድግዳው ውስጥ ይሰማል፤ ነፋሱን ካየችው ግን ቆይታለች። የድርጅቷን ሌሎች ድራይቨሮች መክፈት ጀመረች። የዚህ ካሜራ አራት ወንድሞች ነበሩ። አራቱም ውስጥ የፋን የኮድ መስመር ተገልብጣ ተቀምጣለች፤ ስህተቱ ሳይቀር፣ የፋን የፊደል ግድፈት ሳይቀር። ሥራ ከመፍታት ይሻላል ብላ አንድ በአንድ አስተካከለቻቸው።

ሰኞ ጠዋት ለታይናኑ ባለቤት ደወለች። ፈተናው ገና አላለቀም።

"ረቡዕ ብመጣ ይሻላል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ፐንግ ደውሎልኝ ነበር። መኪኖቼን አቆመችብኝ አለኝ።"

"ስህተት ስለነበረ ነው።"

"ይገባኛል። እሱም ስህተቱ እውነት ነው ብሏል። ግን እህት ካኦ፣ እኛም እኮ መኪና አለን። አበባ ሰው ቆሞ አይጠብቅም። ሌላ ሰው አነጋግረናል። አትቀየሚኝ።"

"አልቀየምም" አለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ለረጅም ጊዜ ከጆሮዋ አላወረደችውም።

ፈተናው አለፈ። ፐንግ ጉዳዩን ዘጋ፤ እጇንም ጨበጠ። "በሚቀጥለው ሥራም አንቺን ነው በስም የምጠይቀው" አላት። ሰውየው የምሩን ነበር፤ ማመስገኑ ነው። ካኦ እጇን አላቀቀችና ቦርሳዋን አነሳች።

ቢሮ ስትመለስ ቹዋንግ ሻይ ቀድቶ ጠበቃት። መልቀቂያዋ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ብዕሩ ግን ኪሱ ውስጥ።

"ታይናን አልሆነም አሉ።"

"አልሆነም።"

"እንግዲያው ምን አስቸኮለሽ? ተቀመጪ። ወንድሞቹ ካሜራዎች አሉ፤ አራቱም ያው በሽታ ይኖራቸዋል። ካንቺ ሌላ ማን ያውቀዋል? እነሱን ጨርሺና እንነጋገራለን። ስድስት ወር ብትፈጂ ነው።"

"ጨርሻቸዋለሁ።"

"ምኑን?"

"አራቱንም። ፐንግ ሲቆልፍብኝ ምን ላድርግ? ልኬልሃለሁ። ምን እንደ ነበረ፣ ለምን እንደ ተለወጠ፣ ለማንም እንዲገባ አድርጌ ጽፌበታለሁ። ስሜም አለበት።"

ቹዋንግ ኮምፒውተሩን ከፈተ። አነበበ። ወደ ላይ መለሰና እንደገና አነበበ። የሆነ ቦታ የጎደለ ነገር የሚፈልግ ሰው አነባበብ ነበር።

"ወዴት ነው የምትሄጂው ታዲያ?"

"አላውቅም።"

"ሳታውቂ ሥራ ይለቀቃል?"

"እያወቅኩ ስሄድ ያዛችሁኝ እኮ።"

ሻዩ በረደ። ቹዋንግ እሷን የሚይዝበት ሰበብ ሲያስብ በግንባሩ ያስታውቃል። በመጨረሻ ብዕሩን ከኪሱ አወጣ።

"ቀኑን የዛሬ ላድርገው?" አለ ሳያያት።

"የዛሬ አድርገው" አለች ካኦ፤ ፊርማው ደርቆ ወረቀቱ እጇ እስኪገባም ከአጠገቡ አልተንቀሳቀሰችም።