ለጉልበት ያልኩት ወተት

ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታል ስንወጣ ደብረ ታቦር ላይ ያካፋ ነበር። የቀኝ እጄን የሚያንቀጠቅጠው ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታ ነው ተብያለሁ። ከዓረብ አገር የተመለሰችው ልጄ ገበያው ዳር አቆመችኝና እንቁላል መምረጥ ጀመረች። «እማዬ፣ ይኼ መድኃኒት ጠንካራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በደንብ ትበያለሽ» አለችኝ። ይህንኑ ቃል እኔም ለአባቴ ብያቸው ነበር።

ያደግሁት አንበሳሜ አካባቢ ነው። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ትቼ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። አባቴን ይህ በሽታ ሲይዛቸው ገና እርፍ የሚጨብጡ ሰው ነበሩ። መጀመሪያ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ እርምጃቸው አጠረ፣ በኋላ ፊታቸው ደረቀ። ደስታቸውና ቁጣቸው አልለይ አለን። ባሕር ዳር ወስደናቸው ኪኒን ታዘዘላቸው።

ሁዳዴ ነበር። የንስሐ አባታቸው «ኪኒኑን ጠዋት በውሃ ይዋጡት፤ እህሉን እንደ አቅምዎ ያቆዩት» አሏቸው። ጾሙን ሙሉ ደህና ሰነበቱ። ቤተ ክርስቲያን ብቻቸውን ደርሰው ይመለሱ ነበር። ጎረቤቱ ያዳናቸው ጾሙ ነው አለ፤ እኔ ኪኒኑ ነው አልኩ። ሁላችንም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘን ኖሯል።

ሰርጌ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። የአባቴ ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ ከዳሱ በር ቆመው መርቀው ሊሸኙኝ። «ተቀምጬ ልጅ አልድርም» ይሉ ነበር።

ፋሲካ ሲገባ ግን ፈራሁ። ከስተዋል። እንዲህ የከሳ ሰው ጉልበት ከየት ያመጣል ብዬ ኪኒኑን በወተት አስውጣቸው፣ በላዩ እንቁላል እደርብ ጀመር። እሳቸው የሚያምራቸው ጣፋጭ ነበር።

«ማር በዳቦ ስጪኝ» አሉኝ የሰርጌ ዕለት ጠዋት።

«አባባ፣ ማር የልጅ ነው። ለጉልበት የሚሻልዎ ወተት ነው።»

«ወተቱ እኮ እግሬን ያስረኛል፣ ልጄ።»

«ያሰረዎ ረኃቡ ነው። ይጠጡ!»

«ባልሽ ቤት ሳትገቢ እመቤት ሆንሽብኝ?» አሉና ጠጡ። የሰርጉን ጥብስም አጎረስኳቸው።

ሙሽራው ከነሚዜዎቹ ሲመጣ ወንድሜ ደግፎ ከመደቡ አነሳቸው። የዳሱ በር ላይ ሲደርሱ እግራቸው መሬት ያዘ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ እንደ ግንድ ደርቋል። ምርቃቱን ጠበቅኩ። አፋቸው አልላቀቅ አለ፤ ፊታቸው የተቆጣ ሰው ፊት መሰለ። ዘፈኑ ቆመ።

«አባት ሐሳባቸውን ለወጡ እንዴ? በል ሙሽራ፣ ባዶህን ተመለስ!» ብሎ አንዱ ሚዜ ቀለደ። ሰው ሳቀ። የሙሽራው አጎት ግን አልሳቀም።

«አባቷ ሳይመርቋት ነው የምንወስዳት?»

የእኔ አጎት ደንግጦ በአባቴ ፈንታ መረቀኝ። በቅሎ ላይ ሆኜ ዞር ስል አባቴ እዚያው በር ላይ ቆመዋል። ከፊታቸው ላይ የሚንቀሳቀሰው እንባቸው ብቻ ነበር።

ወራት ቆይቶ ወንድሜ ለመድኃኒት ሲወስዳቸው ሐኪሙ አስረዳው። ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ ይህን መድኃኒት ሊያዳክሙት ስለሚችሉ ከምግብ ቀደም ብለው በውሃ ይዋጡት አለ። አባቴ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወቀሱኝም፤ «በልቤ መርቄሻለሁ» ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ልጅ በታመመብኝ ቁጥር ያን ምርቃት በጆሮዬ ስላልሰማሁ ነው እል ነበር። አለማወቄስ ይሁን። እሳቸው ግን ያስረኛል ብለው ነግረውኝ ነበር እኮ! የሚያቃጥለኝ ይኼ ነው።

አሁን ተራው የእኔ ሆነ። መንቀጥቀጡን እለምደው ይሆናል። የምፈራው ልጆቼን ነው። ደጎች ናቸው፣ ይሳሱልኛል፤ አንድ ነገር አይጎድልብኝም። ብቻ እኔ አባቴን በወደድኩበት አወዳደድ እንዳይወዱኝ።